አንድ ስንዝር የዞረ ፎቅ

ድሬዳዋ ውስጥ ላፕቶፕ ይዞ ባጃጅ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ነው። እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፣ አርክቴክት ነኝ። ልዩነቱን ለማስረዳት ሁለት ዓመት ያህል ደከምኩ፣ ከዚያ ተውኩት። አሁን «ኢንጂነር» ብለው ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ። እውነተኛዋ ኢንጂነር ጽጌ ናት። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ አብረን እንሠራለን። እኔ ቤቱ ምን እንደሚመስል እስላለሁ፣ እሷ ቤቱ እንዳይወድቅ ታሰላለች። ከተጣላን የምንጣላው እዚሁ ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው መጋላ ገበያ፣ ሐጂ ዩሱፍ ሱቅ ውስጥ ነው። ሐጂ ፍራሽና ምንጣፍ ይሸጣሉ። ሳቢያን ሰፈር ባላቸው ቦታ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ሊሠሩ አስበዋል፤ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ አንደኛው ፎቅ ለእሳቸውና ለባለቤታቸው ለሐጃ አሚና፣ ከዚያ በላይ ያሉት ሦስቱ ለሦስቱ ልጆቻቸው። እስከዚህ ድረስ ቀላል ሥራ ነበር። ነገር ግን ሐጂ ለንግድ ባሕር ማዶ ሄደው በነበረ ጊዜ አንድ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ ሕንፃ አይተው ተመልሰዋል።

«እንዴት ያለ ነው?» አልኳቸው።

በቃል አላስረዱኝም። አንድ የስፖንጅ ፍራሽ አንስተው መሬት ላይ አነጠፉ። «ይሄ ምድር ቤቱ ነው እንበል» አሉ። ሁለተኛውን ጫኑበትና ትንሽ አዞሩት። ሦስተኛውን በዚያ ላይ ጭነው ሌላ ትንሽ አዞሩ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ቁልሉ ወደ እኔ ዘመመና ከላይ ያሉት ሁለቱ ፍራሾች ትከሻዬ ላይ አረፉ።

«ስፖንጅ ስለሆነ ነው» አሉ ሐጂ ሳይደነግጡ። «በአርማታ ይቆማል። ትችላለህ ዋላል፣ ወንድሜ?»

በዚያች ደቂቃ «አስቤበት ልመለስ» ማለት ነበረብኝ። አስተዋይ ሰው እንደዚያ ይላል። እኔ ግን ፍራሾቹን ከትከሻዬ ላይ እንኳ ሳላወርድ «ለእሱ ሶፍትዌር አለኝ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ሶፍትዌሩ ነበረኝ፤ የሌለኝ እውቀቱ ነበር። ከጫንኩት ወዲህ ሁለት ጊዜ ከፍቼው፣ ሁለቱንም ጊዜ እንዴት እንደሚዘጋ ፈልጌ ነው ያጠፋሁት። ስለዚህ ሶፍትዌር አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፣ ከዚያ በላይ አላደክማችሁም። እኔ በለመድኩት መንገድ ሕንፃ የሚሳለው መስመር በመስመር ነው። በዚህኛው ግን ሕንፃውን ከቁጥር ጋር ታስሩታላችሁ። «እያንዳንዱ ፎቅ ከሥሩ ካለው ይህን ያህል ዲግሪ ይዙር» ብላችሁ አንድ ቁጥር ስትጽፉ ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ በረንዳው ተከትሎ ይዞራል። ቁጥሩን ስትለውጡ ሕንፃው ይለወጣል። ባለሙያዎች ፓራሜትሪክ ይሉታል። እኔም በዚያው ሳምንት ለፀጉር አስተካካዬ፣ ለቤት አከራዬና ለተሳፈርኩባቸው የባጃጅ ሹፌሮች በሙሉ «ፓራሜትሪክ» እያልኩ አወራሁ። ድሬ ውስጥ አንድ ወሬ ፀጉር ቤት ከገባ በሁለተኛው ቀን ከከተማው ውጭ ጀልዴሳ ይደርሳል። እኔ ገና አንዲት ግድግዳ ሳላቆም ከተማው ሳቢያን ላይ የሚዞር ፎቅ ሊሠራ መሆኑን አወቀ። አንዳንዱ ሰው እንደ ቬንትሌተር በሞተር የሚዞር መስሎት መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ይጠይቀኝ ነበር።

ስዕሉን ጀመርኩ። ቤቱ አራቱም ጎኑ እኩል ነው። ለጊዜው በርና መስኮት የለውም፣ አምስት ሣጥን ተደራርቦ ነው የሚታየው። ከታች እስከ ላይ ድረስ ተደምሮ ዘጠና ዲግሪ ቢዞር ያምርበታል ብዬ «ዘጠና» ብዬ ጻፍኩ። ላፕቶፑ አሰበ፣ አሰበና ቀጥ ያለ ሕንፃ አወጣ። ደግሜ ጻፍኩ። ቀጥ ያለ። ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ቀጥ ያለ። ሦስት ቀን ሙሉ ከአንድ ሣጥን ጋር ተፋጠጥኩ። በአራተኛው ቀን ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል ብዬ ለጽጌ ነገርኳት።

ሻይዋን ይዛ መጣችና ከኋላዬ ቆመች። «ዘጠናውን የጻፍከው ለጠቅላላው ነው ወይስ ለእያንዳንዱ ፎቅ?»

አየሁ። ለእያንዳንዱ ፎቅ ነው።

«አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ነገር ሩብ ዙር ሲዞር ምን ይመስላል?» አለች።

ላፕቶፑ ለሦስት ቀን በታማኝነት ሲያዞርልኝ ከርሟል፤ ዞሮ ዞሮ ግን ያው ቦታው ላይ ያርፋል። ጽጌ አልሳቀችም። ሻይዋን ፉት ብላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ቁጥሩን ወደ አሥራ አምስት አወረድኩ። በዚያን ጊዜ ሕንፃው ዞረ። ቆንጆ ነበር፣ ይህን አልደብቅም። አንዱ ፎቅ ከሌላው ትከሻ ላይ እየተንሸራተተ ሲወጣ ቁጭ ብዬ ዝም ብዬ አየሁት። ስምንት ዓመት ሙሉ ሣጥን ስስል ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ጽጌን ጠራኋት።

ጽጌ የምታየው ሌላ ነው። «ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው የት ነው የሚደርሰው?»

«ኮሪደር።»

«የቱ ነው ኮሪደሩ?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ደረጃውንም ከዚያው ቁጥር ጋር አስሬው ስለነበር አብሮ ዞሯል። «አልጋ ላይ ነው የሚደርሰው» አልኩ።

«የማን?»

«የሐጂ ሁለተኛ ልጅ መኝታ ቤት ነው።»

«ባለትዳር ነው?»

«ባለትዳር ነው።»

ሽንት ቤቱን በጣቷ አሳየችኝ። የሦስተኛው ፎቅ ሽንት ቤት በቀጥታ ከሁለተኛው ፎቅ ሳሎን በላይ ነው። ቀጥላ የአራተኛውን ፎቅ አንድ ጥግ አሳየችኝ። እሱ ከአጥሩ አልፎ ጎረቤት ግቢ ላይ ተንጠልጥሏል። «ጎረቤቱ ያውቃል?» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ወር ባሳጥረው ይሻላል። ደረጃውንና ሽንት ቤቱን መሃል ላይ ቀጥ አድርጌ ተከልኳቸው፣ ክፍሎቹ ብቻ በዙሪያቸው እንዲዞሩ አደረግሁ። ከጎረቤት ግቢ ለመውጣት ሕንፃውን አጠበብኩት። ሲጠብ ክፍሎቹ ጠበቡ። ክፍሎቹ ሲጠቡ ማዕዘኖቻቸው ሾጠጡ። አንዱን ባቃናሁ ቁጥር ሌላው ይጣመማል፣ ሁሉም ከአንድ ቁጥር ጋር ታስሯላ። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። ላፕቶፑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ሞቆ ራሱን ያጠፋል። የቢሮዋን ብቸኛ ቬንትሌተር ወደ እሱ አዞርኩት። እኔና ጽጌ በላብ እየታጠብን ላፕቶፑ በነፋስ ይሠራ ነበር።

በአንዱ ሙከራ ደግሞ አንደኛውን ፎቅ ከዋናው ቁጥር ፈትቼ፣ በላዩ ያሉት ሳይከተሉት ለብቻው እንዲዞር ሁለት ዲግሪ ሰጠሁት። ለምን እንደሆነ አሁን አላስታውስም። የሆነ ነገር ልፈትሽ ብዬ ይሆናል። መልሼ እንዳላሰርኩት ግን አሁን በደንብ አውቃለሁ።

ንድፉን ለቤተሰቡ ለማሳየት ከሰዓት በኋላ ሐጂ ቤት ሄድኩ። ሐጂ ሽርጣቸውን አገልድመው ትራስ ተደግፈው ነበር። ላፕቶፑን ከፍቼ ሕንፃውን በዝግታ አዞርኩላቸው። ዓይናቸው ከስክሪኑ አልተነቀለም። አንድ ሁለት ጊዜ ዞሮ ላፕቶፑ ሞቀና ጠፋ። ሐጃ አሚና አይተው አዘኑለት። የሰሌን ማራገቢያቸውን አንስተው አጠገቡ ተቀመጡና እንደታመመ እንግዳ ያራግቡለት ጀመር። ሲበራም ማራገባቸውን አላቆሙም። ጥያቄያቸውን የጠየቁት እያራገቡ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ጥግ እንዲህ የሾለው ለምንድን ነው?»

«ቤቱ ስለሚዞር ነው ሐጃ።»

«ቁም ሳጥኑን ምን ላስደግፈው?»

«በልኩ ይሠራል።»

«እሺ። ቂብላውስ በየት በኩል ነው?»

እዚህ ላይ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም የስግደቱን አቅጣጫ አውቀዋለሁ። አንደኛ ፎቅ ላይ በዚህ በኩል እንደሆነ፣ ሁለተኛው ላይ አሥራ አምስት ዲግሪ ወደ ግራ ፈቀቅ እንደሚል፣ ሦስተኛው ላይ ሠላሳ እንደሚሆን አስረዳሁ።

«ቂብላው ነው የሚዞረው?» አሉ ሐጃ።

«አይደለም፣ ቤቱ ነው።»

«እኔ አንድ ቀን ታላቁ ልጄ ጋ እውላለሁ፣ አንድ ቀን ትንሿ ጋ እውላለሁ። ሰላት በደረሰ ቁጥር በስንት ዲግሪ እያልኩ ልጠይቅ ነው?»

«ሶፍትዌሩ በየፎቁ ወለል ላይ ቀስት ሊስልልን ይችላል» አልኩ።

ማራገቢያው ቆመ። «ቤት ነው የጠየቅንህ» አሉ ሐጃ አሚና ድምፃቸውን ሳያነሱ። «በቤቴ ውስጥ የት እንዳለሁ ማወቅ እፈልጋለሁ። ቀጥ ያለ ቤት ሥራልኝ።»

ሐጂን አየኋቸው። እሳቸው ትራሱን አዩ። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ። ልሸኝህ ብለው እስከ በር መጡና ወደ ኋላ ዞር ብለው አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ትንሽም አይሆንም?» አሉኝ።

«አይሆንም ሐጂ።»

ተስፋ ቆርጠው በሩን ሲዘጉ አሳዘኑኝ። እውነቱን ለመናገር ለራሴም አዝኛለሁ።

ቢሮ ተመልሼ ዋናውን ቁጥር ዜሮ አደረግሁት። ሕንፃው ወታደር ሆነ። የቀረው ክርክር የአንደኛ ፎቅ በረንዳ ብቻ ነበር። በረንዳው ላይ በአንዱ ጫፍ የወጥ ቤቱ በር ይከፈታል፤ ሐጃ አሚና ለልብስ ማስጫና ለከሰል ምድጃ ሰፋ እንዲልላቸው ይፈልጋሉ። በሌላው ጫፍ ሐጂ ከሰዓት በኋላ ከወዳጆቻቸው ጋር የሚቀመጡበት ነው፤ እሳቸውም ሰፋ እንዲል ይፈልጋሉ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩና በመጨረሻ እኩል አድርጌ ሁለቱንም አስኮረፍኩ። ንድፉ ጸደቀ፣ ሥራው ተጀመረ።

አንድ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ፎርማኑ ጋሽ ታምራት ነው። አባቱ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ፤ እሱም እንደ ሐዲድ ቀጥ ያለ ነገር ይወዳል። የአንደኛውን ፎቅ ሶሌታ፣ የአርማታውን ወለል፣ በቀደመው ሳምንት ሞልተው የጎኑን ጣውላ እያነሱ ነበር።

«ኢንጂነር፣ ዞረልህ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ፎቁ ነዋ። እኔ መጀመሪያ ሳየው አልመሰለኝም ነበር። በአንዱ ጫፍ ያለው ልክ ከሌላው ጫፍ አይገጥምም፣ ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። ኋላ ግን ትዝ አለኝ፣ ለካ ይሄ የሚዞረው ነው። ከተማው ሁሉ የሚያወራለት። እንደ ስዕልህ አንድም ሳላጎድል አዞርኩልህ።»

ስልኩን ዘጋሁና ላፕቶፑን ከፈትኩ። ዋናው ቁጥር ዜሮ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ዜሮ፣ ሦስተኛው ዜሮ፣ አራተኛው ዜሮ። አንደኛው ፎቅ ለብቻው ተፈትቶ ሁለት ዲግሪውን ይዞ ቁጭ ብሏል። የሶሌታውን ጠርዝ ስዕል ያተምኩት ከዚያ ነው።

ለጽጌ ነገርኳት። ቦርሳዋን አነሳች። እስከ ሳቢያን ድረስ በባጃጅ ስንሄድ በልቤ ብዙ ተናገርኩ። ሐጃ አሚና ከጠቅላላው ከተማ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመኑት፣ ቤታቸው እንዳይዞር። ከአራቱ ፎቅ የዞረው የእሳቸው ብቻ ነው። ሐጂ ሥራውን ቢነጥቁኝ አይፈረድባቸውም። ከዚያ በላይ ያሳፈረኝ ግን በስዕሉ ግርጌ ከስሜ ጎን የጽጌም ስም መኖሩ ነው። እሷ የሠራችው ኮለኖቹንና ፌሮውን ነው፤ የእኔን ጠርዝ አላየችም። ሰው ግን ስዕሉን ሲያይ ሁለት ስም ነው የሚያነበው።

ጽጌ ሶሌታው ላይ ወጥታ በሜትር ለካች። ኮለኖቹ ቀጥ ናቸው። የዞረው ጠርዙ ብቻ ነው፣ ጥጉ ላይ አንድ ስንዝር። የሲሚንቶ ከረጢት ቀድዳ ጀርባው ላይ ረጅም ስሌት ሠራች። ጋሽ ታምራት ምን እንደተፈጠረ ገብቶት ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

«ይችላል» አለች በመጨረሻ። «አይወድቅም። ካልፈለጉት የወጣውን ቆርጠን የገባውን መቀጠል እንችላለን። ጠባሳው ግን ይኖራል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሐጂን ጥራቸው። ሲመጡ ልታስረዳቸው አትሞክር። ስለ ሶፍትዌርም አታንሳ። ተሳስቻለሁ በል።»

ሐጂ ከሐጃ አሚና ጋር መጡ። በጣውላው መወጣጫ እየተደጋገፉ ወጡ። «ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ሶሌታው አንድ ስንዝር ዞሯል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የኢንጂነር ጽጌ አይደለም፣ የጋሽ ታምራትም አይደለም። ይቆረጥ ካላችሁ አብሬ ቆሜ አስቆርጠዋለሁ።»

ሐጂ ወደ ጥጉ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ቁልቁል አዩ፣ ቀና ብለው አዩ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ስለቆሙ ፊታቸው አልታየኝም፤ ግን የተቆጣ ሰው ትከሻ አልነበረም። ለባለቤታቸው በሱማሌኛ ቀስ ብለው አንድ ነገር አሏቸው።

«ክፍሎቹም ዞረዋል?» አሉ ሐጃ ወደ እኔ ዞር ብለው።

«ክፍሎቹ ገና አልተሠሩም፣ ቀጥ ብለው ነው የሚሠሩት። የበረንዳው ጠርዝ ብቻ ነው።»

«ቂብላውስ?»

«ባለበት ነው።»

«የወጣው በየት በኩል ነው?»

«በወጥ ቤቱ በር በኩል።»

ሐጃ አሚና ወደዚያ ጫፍ ሄዱ። ጎንበስ አሉና መዳፋቸውን ሶሌታው ላይ ዘርግተው ለኩት። ስንዝሩ ሙሉ ነበር። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ምንም የለም።

«የገባውስ?»

«በዚያኛው ጫፍ ነው። ሐጂ የሚቀመጡበት።»

«እሱም ስንዝር ነው?»

«ስንዝር ነው።»

ባለቤታቸውን አዩአቸው። ሐጂም አዩአቸው። ጋሽ ታምራት ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

«ይቆይ» አሉ ሐጃ አሚና። «የተሠራ ነገር አይፈርስም።» ጣውላውን ይዘው መውረድ ጀመሩ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው «ከዚህ በላይ ያለው ግን ቀጥ ይበል» አሉ።

በማግስቱ ጽጌ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። የእያንዳንዱን ፎቅ ቁጥር አንድ በአንድ ራሷ ከፍታ አየች። እኔን አጠገቧ አቁማ ጮክ ብዬ እንዳነብላት አደረገችኝ፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ከዚያ የተስተካከለውን ስዕል አትማ፣ ለማጽደቅ ወስጄ ሰልፍ እንድይዝ ላከችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቢሯችን የሚወጣ ስዕል ሁሉ በሁለት ሰው ይነበባል። መጀመሪያ ላይ ያሳፍረኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ። እንዲያውም ባለፈው ጊዜ አንድ የእሷን ስህተት አገኘሁ። ትንሽ ነበረች፣ ግን ለሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ቤቱ አለቀ፣ ቤተሰቡም ገባ። ሐጃ አሚና በተጨማሪዋ ስንዝር ላይ የከሰል ምድጃቸውን አኑረዋል። ሐጂ በጎደለባቸው በኩል ከአራት ወዳጆቻቸው ሦስቱን ብቻ ማስቀመጥ ችለዋል፤ አራተኛው በሩ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ጉዳይ ሲያማርሩ አልሰማሁም። ምክንያቱን ያወቅሁት በቀደም በዚያ ሳልፍ ነው። ሐጂ ከጅግጅጋ የመጣ አንድ የንግድ ወዳጃቸውን መንገዱ ማዶ አቁመው ቤቱን ያሳዩታል። እኔን ሲያዩ በእጃቸው ጠሩኝ።

«የነገርኩህ ኢንጂነር ይሄ ነው» አሉት። «የሚዞረውን ቤት የሠራው።»

ሰውዬው ጨበጠኝና ወደ ቤቱ አየ። ብዙ ቆይቶ አየ። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄዶ አየ፣ ፀሐዩን በእጁ ከልሎ አየ።

«ወላሂ ሐጂ፣ ዞሯል» አለ።

ሐጂ ረክተው ሻይ ለማዘዝ ወደ ቤት ቀደሙን። ሰውዬው እሳቸው በሩን እስኪያልፉ ጠበቀና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«የትኛው ፎቅ ነው?» አለኝ።

«አንደኛው» አልኩት።